ኮቦን በአራት ቁልፍ

«ኮቦ» ብሎ በኮምፒውተር ለመጻፍ አራት ጊዜ ቁልፍ መንካት ይበቃል፤ ኬ፣ ኦ፣ ቢ፣ ኦ። የመጀመሪያው ሲነካ «ክ» ብቅ ትላለች። ሁለተኛው ሲከተል ያቺው «ክ» ዓይን እያየ «ኮ» ትሆናለች። ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ የ13 ዓመት ልጅ ይህን ሲያይ እጁን ይሰበስባል፤ አንድ ነገር ያበላሸ ይመስለዋል። አጠገቡ ያለው መምህር «ምንም አልሆነም፣ ቀጥል» ካለው ግን የከተማውን ስም ይጨርስና ወደ ራሱ ስም ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ እናቱ። «ጠ» ወይም «ጨ» ያለበት ስም ሲገጥመው ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ይዞ መምታት እንዳለበት የሚማረው ያኔ ነው። የእናቱን ስም ለመጨረስ ሲል የተማረውን ቁልፍ አይረሳውም።

የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የኮምፒውተር ትምህርት ከዚህ መጀመር አለበት፤ ከልጁ እጅና ከራሱ ፊደል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሁለቱን ክፍሎች መካከለኛ ደረጃ ብሎ ለይቶ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት አድርጎላቸዋል። ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ስለ ማውዝ በቃል ተምሮ ማውዝ ሳይጨብጥ ስምንተኛን የሚጨርስ ልጅ ዋና በጥቁር ሰሌዳ ከተማረ ልጅ አይለይም።

ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በስተ ምሥራቅ የዞብልን ተራራ አድርጋ በተቀመጠችው ኮቦ ዙሪያ የሚማሩ ልጆች ያለፉበትን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከተማዋ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ነበረች፤ በነሐሴ 2014 እንደገና ውጊያው መጣባት። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ ከተማዋ ባለችበት ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ያኔ በታችኞቹ ክፍሎች የነበሩት ልጆች ናቸው ዛሬ ሰባተኛና ስምንተኛ የደረሱት። በዚህ ላይ ቆላው የራሱ የሥራ ወቅት አለው። ማሽላው ሲያፈራ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ የሚወጣው፣ ወፍ የሚጠብቀው ያው ተማሪ ነው። ወጣቱን ወደ ሳዑዲ የሚጠራው የስደት መንገድም ከዚህ አካባቢ ብዙ ልጆችን ወስዷል፤ መንገዱ የስምንተኛ ክፍል ፈተናን አይጠብቅም።

እንዲህ ባለ ቦታ «መጀመሪያ ዕቃው ይግባ» የሚለው መልስ ቀላል ይመስላል። አገራችን ግን ይህን መንገድ ሞክራዋለች። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቴሌቪዥን ሰቀለ፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እየፈጠነ ያልፍ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋ ነበር፣ መምህሩም ሥራው ማብራትና ማጥፋት የሆነ ያህል ተሰማው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» ድርጅት ያሠራቸው ነጭና አረንጓዴ ትንንሽ ላፕቶፖች ከ5,000 በላይ ሆነው ለኢትዮጵያ ልጆች ታደሉ። በልጆቹ ላይ የተደረገ ጥናት በማመሳሰልና በመመደብ ፈተናዎች ላፕቶፕ ካልደረሳቸው የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ዕቃው ጠቅሟል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ፕሮጀክቱ በአገር ደረጃ ሳይስፋፋ ቀረ።

ይኸው ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጠ። ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው ልጆቹ ካርቶኑን ራሳቸው ከፈቱ፣ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፣ በወራት ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ አስነሡ። የገጠር ልጅ አእምሮ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ለማስረዳት ጥሩ ወሬ ነው። መምህር አያስፈልግም ለማለት ግን አይበቃም፤ ካሜራ ማስነሣትና አንድ ገጽ ደብዳቤ አሳምሮ ጽፎ ነገ በሚያገኘው ቦታ ማስቀመጥ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። የኮቦ ልጅም በታላቅ ወንድሙ ስልክ ቲክቶክና ቴሌግራም መክፈት አያቅተውም። ፋይል ምንድን ነው፣ የት ይቀመጣል፣ ስሙ ለምን ይለያል ሲባል ነው የሚቆመው።

የጋናው መምህር ሪቻርድ አኮቶ ታሪክ ኮቦ ላለችበት ለራያ ይቀርባል። በአሻንቲ ክልል በሚገኝ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ በኮምፒውተር ትምህርት ይፈተናሉ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ኮምፒውተር አልነበረውም። በ2018 እ.ኤ.አ. የማይክሮሶፍት ወርድን ገጽ፣ ከነምልክቶቹና ከነመስመሮቹ፣ በባለ ቀለም ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሣለው። ፎቶው ዓለምን ዞረ፣ ማይክሮሶፍት ሲንጋፖር ድረስ ጋበዘው፣ ለትምህርት ቤቱም ኮምፒውተሮች ተለገሱ። የሰውየው ትጋት የሚመሰገን ነው። ግን ልብ ይባል፤ ኮምፒውተሩ የመጣው መምህሩ ወዳለበት ቦታ ነው።

መብራት በሌለበት ቀንስ? የኒውዚላንዱ ፕሮፌሰር ቲም ቤልና ባልደረቦቹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የኮምፒውተርን አሠራር ያለ ኮምፒውተር የሚያስተምር ዘዴ አዘጋጅተዋል፤ ለኮቦ ክፍል የሚያስፈልገው ወረቀትና አንድ ጭብጥ ማሽላ ነው። አምስት ልጆች ይሰለፋሉ። በየካርዳቸው ላይ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 የማሽላ ፍሬ ተለጥፏል። «የዓመቱን ወራት አሳዩኝ» ይላል መምህሩ። ባለ 8፣ ባለ 4 እና ባለ 1 ካርዳቸውን ይገልጣሉ፤ ባለ 16 እና ባለ 2 ይደብቃሉ። 13 ሆነ። የተደበቀው ዜሮ፣ የተገለጠው አንድ ተብሎ ሲነበብ 01101 ነው፤ ኮምፒውተርም ቁጥር የሚይዘው በዚሁ መንገድ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ የጎርፍ መስኖ ይምጣ። ጎርፍ ጠልፎ ማሳ ማጠጣት ለራያ ገበሬ ልጅ የቤት ዕውቀት ነው። ጎርፉ ከደረሰ ዋናውን ቦይ ክፈት፤ የላይኛው ማሳ ከጠጣ ወደ ታችኛው መልስ፤ ካልጠጣ ጠብቅ። ይህን በተራ ቁጥር ወረቀት ላይ ያሰፈረ ልጅ ፕሮግራም መጻፍ ጀምሯል።

ይህ ዘዴ የኪቦርዱን ሰዓት ያዘጋጃል እንጂ አይተካውም። ሐረር የተወለደችው ቤተልሔም ደሴ ገና ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ነው በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የኮምፒውተር ሥራ የጀመረችው፤ ለደንበኞች ቪዲዮ ታቀናብር፣ ስልክ ላይ ሙዚቃ ትጭን ነበር። ዛሬ ሌሎች ልጆችን ኮዲንግ በማስተማር ትታወቃለች። መነሻዋ በየቀኑ ክፍት የሆነና እንድትነካው የተፈቀደላት አንድ ኮምፒውተር ነበር። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ያስጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው፤ በዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተሰጥቷል። የሰባተኛ ክፍሉ ልጅ ነገ ከሥልጠናውና ከፈተናው በር ሲደርስ ኪቦርድ የሚፈራ ከሆነ ፈተናው ሒሳብ ሳይሆን ጣቱ ይሆንበታል።

ስለዚህ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ሪፖርት ሲቀበሉ ስንት ኮምፒውተር ገባ ብለው ብቻ ባይጠይቁ ይመረጣል። እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ስንት ደቂቃ ኪቦርድ ነካ? ዕቃ እንዳይጠፋ ተብሎ ተቆልፎ አቧራ ከሚጠጣ 20 ኮምፒውተር፣ ሦስት ልጅ በአንዱ ላይ እየተፈራረቀ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራባቸው አምስት ይሻላሉ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ያለው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች አሉት፤ ሰላምና መንገድ በፈቀደ ጊዜ ሁለት የክረምት ሳምንታት ለኮቦ፣ ለሮቢትና ለጎብዬ መምህራን ቢሰጡ የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት፣ የሚያፈራው ብዙ ነው።

በአዲስ አበባም፣ በሪያድም፣ በጅዳም ያላችሁ የራያ ልጆች፣ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ለመላክ ገንዘብ የምታዋጡ ከሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ለመምህሩ ደውሉለት። ክፍሉ በሳምንት ስንት ቀን ይከፈታል? ቁልፉ ማን ዘንድ ነው የሚቀመጠው? የአማርኛ መጻፊያው ተጭኗል? መብራት ሲጠፋ በምን ይሠራል? መልሱን ሰምታችሁ፣ የጎደለውን እዚያው ተስማምታችሁ፣ ከዚያ ላኩ።