ትዳር የመንደር ሥራ የሆነባት ሊስዱንቫርና

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ አንድ ጥያቄ ያነሳሉ። “ሰው አገናኝቶን ብንጋባ ያሳፍራል ወይ?” ነው የሚሉት። አንዷ እህታችንማ “ጓደኞቼ እንዳይስቁብኝ ‘በራሳችን ነው የተዋወቅነው’ እያልኩ እዋሻለሁ” ብላ ጽፋልኛለች። መልሴን ከመስጠቴ በፊት እስቲ አየርላንድ ድረስ ልውሰዳችሁ።

በአገሪቱ ምዕራብ፣ ክሌር በሚባለው ግዛት፣ ሊስዱንቫርና የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ድኝ ድኝ የሚሸት የማዕድን ውሃ ስላላት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቁርጥማት የያዘው ሁሉ ይመጣባት ነበር። ገበሬው ደግሞ ሣሩን አጭዶ ከከመረ በኋላ፣ በፈረንጆቹ መስከረም ወር፣ ውሃውን ሊጠጣ ብቅ ይላል። ታዲያ ውሃው ሰበብ እንጂ የብዙው ሰው ዓይን ሌላ ነገር ነበር የሚፈልገው። ሚስት! ባል!

ነገሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 የድንች በሽታ ባመጣው ረሃብ ወደ አንድ ሚሊዮን አየርላንዳዊ አልቋል፤ ከሚሊዮን በላይ ተሰዷል። ከዚያ ወዲህ ገበሬው መሬቱን ለልጆቹ ቆራርሶ ማካፈልን እየተወ ለአንዱ ብቻ ማውረስ ያዘ። ወራሹም አባቱ እርሻውን እስኪለቅለት ሳያገባ ፀጉሩ ይሸብታል። ሴቶቹ ደግሞ ወደ አሜሪካና እንግሊዝ ይሰደዳሉ። ብቸኝነቱ እንዲህ የአገር ችግር ሲሆን መፍትሔውም የመንደር ሆነ፤ አገናኝ የሚባል ሰው ነበር።

አገናኙ ሁለቱንም ቤት ያውቃል። ውስኪውን ይዞ የልጅቷን ወላጆች ደጅ ይጠናል፤ ይዛ ስለምትመጣው ገንዘብ ይከራከራል። ከዚያ የሴቷ ወገን የወንዱን እርሻ ዞሮ ያያል፤ ላሞቹንም ይቆጥራል። ሀብታም ለመምሰል የጎረቤት ላሞች ተውሶ የሚጠብቅ ብልጥም ነበር ይባላል! ከተስማሙ ሠርጉ በአብዛኛው ከዐቢይ ጾም በፊት ይደገስ ነበር።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ሥርዓት የማልወደው ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ስለ ላሟና ስለ መሬቱ ተነጋግረው ካበቁ በኋላ ነው ልጅቷ የምትሰማው። የልቧን የሚጠይቃት አልነበረም።

ዛሬ ያ ዘመን አልፏል። መንደሯ ግን በየዓመቱ መስከረም ሲመጣ የአገናኞች ፌስቲቫሏን ታከብራለች። ነዋሪዎቿ ሺህ ቢሞሉ ነው፤ በፌስቲቫሉ ሰሞን ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንግዳ ይጎርፍባታል። ጭፈራው የሚጀመረው በጠራራ ፀሐይ ነው። ዝነኛው አገናኝ ዊሊ ዴሊ ከአባትና ከአያቱ የወረሰው አሮጌ መዝገብ አለው። ዓይኑን ጨፍኖ ሁለት እጁን ያሳረፈበት ሰው በስድስት ወር ውስጥ ፍቅር ይገጥመዋል ይባላል።

መዝገቡ ተአምር ይሥራ አይሥራ እኔ አልፈርድም። የሚገርመኝ የሰዎቹ ድፍረት ነው። እዚያ መዝገብ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው በሕዝብ ፊት “ብቻዬን ነኝ፣ ሰው እፈልጋለሁ” ማለቱ አይደለም እንዴ? የሚስቅበት የለም፤ ሁሉም የመጣው ለዚያው ነው። የእኛ የከተማ ልጆች ግን ብቸኝነታችንን እንደ በሽታ ደብቀን፣ በሰው ፊት “ምን ጎደለኝ!” እንላለን።

እንግዲህ እህቴ፣ ሰው አገናኘሽ ማለት ተሸጥሽ ማለት አይደለም። ግን ሦስት ነገር አደራ እልሻለሁ። አንደኛ፣ ትዳርሽን በውሸት አትጀምሪው፤ የሚስቅ ይሳቅ። ሁለተኛ፣ የአገናኙ ሥራ ማስተዋወቅ ብቻ ነው፤ “እሺ” እና “እምቢ” ያንቺ ናቸው። “ሰው ደክሞልኛል” ብለሽ በይሉኝታ እንዳታገቢ! ሦስተኛ፣ ላሞቹ የተውሶ እንዳይሆኑ ጊዜ ወስደሽ እዪ። መኪናውን ማለቴ አይደለም፤ ሲናደድ እንዴት እንደሚናገር፣ ከእሱ በታች ያለውን ሰው እንዴት እንደሚይዝ፣ ያበደረው ሰው ሲመጣ የት እንደሚገባ ማለቴ ነው።

አመል በውሰት ብዙ አይቆይም። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!