ክኒኑና ባዶ ሆድ

በዚህ መጽሔት ስለ ሆድ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ወጡ ቀጠነ ለማለት ነው። እኛም ዛሬ ስለ ሆድ ልንጽፍ ተነሥተናል፤ ነገር ግን ክሳችን በምግብ አዳራሹ ላይ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ በራሳችን ላይ ነው።

አብሮን የሚያድር አንድ ወንድማችን የሚጥል በሽታ አለበት። ስሙን አንጠራም፤ ይህንንም የምናትመው እርሱ አንብቦ ከፈቀደ በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ሶዲየም ቫልፕሮኤት የሚባለውን መድኀኒት አዘዘለት። ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ክኒኑን በውሃ ይውጥና፣ የቁርሱ ሰልፍ ረጅም ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ እህል ሳይቀምስ ወደ ክፍል ይሮጣል። ጥቂት ቆይቶ ያቅለሸልሸዋል፤ አንዳንድ ቀንም ከትምህርት መካከል ወጥቶ ያስታውካል። እኛ ደግሞ ሁላችንም ሐኪሞች ነንና፣ አንዱ «ጨጓራ ነው» አለ፤ ሌላው ተልባ በጥብጦ አጠጣው፤ ሦስተኛው «ይህ መድኀኒት ሊገድልህ ነው፤ ተወው» ብሎ መከረው። ተወው። በአራተኛው ቀን ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተ። ከከበቡትም መካከል አንዱ ክብሪት ለኩሶ አፍንጫው ሥር ይዞ ነበር፤ ይህ የሆነው በዩኒቨርስቲ ግቢ ነው!

መጠየቅ የጀመርነው ከዚያ ወዲያ ነው። የተማርነውም ይህ ነው። ቫልፕሮኤት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆድን ያውካል፤ ማቅለሽለሽ፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥም ያመጣል። ብዙውን ጊዜ ግን እየቀለለ ይሄዳል፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። አንዳንዱ ክኒን ጨጓራ ውስጥ ሳይሆን አንጀት ከደረሰ በኋላ እንዲሟሟ ተብሎ የተለበጠ ነው። ወንድማችን ግን ለመዋጥ እንዲቀለው ሰባብሮ ይውጠው ኖሯል! ካርባማዜፒንም ሲጀመር ያቅለሸልሻልና ሐኪሞች ከትንሽ ተነሥተው ቀስ በቀስ ያሳድጉታል። ፌኒቶይን የሚወስድ ሰው ደግሞ የጨጓራ ማስታገሻ አብሮ ቢውጥ መድኀኒቱ በደንብ ላይሰርጽ ይችላል፤ ስለዚህ ለጓደኛ ማስታገሻ ማቀበል እንደ መሰለን ደግነት ብቻ አይደለም። ሆዱን አጥብቆ የሚቈርጠውና ማስታወኩ አልቆም ያለው፣ ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ግን ጊዜ ሳይሰጥ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ጥቂት ሰዎችን ቆሽታቸውን ወይም ጉበታቸውን የሚጎዳበት ጊዜ አለና። ከዚህ በቀር በገዛ እጅ ድንገት ማቆም ከማቅለሽለሹ የከፋ ነው፤ መውደቁ በርትቶ ይመለሳል፣ አንዳንዴም አልቋረጥ ብሎ ይገድላል።

ነገሩ የጥቂቶች ነው የሚል ቢኖር፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ያጠኑትንና በ1990 በአውሮጳ አቆጣጠር የታተመውን ይመልከት። ከ60,820 ሰው መካከል 316 ሕመምተኛ ተገኝቷል፤ ከ1,000 ሰው 5 ያህል መሆኑ ነው። በዚህ ልክ 10,000 ተማሪ ባለበት ግቢ 50 ሰው ክኒኑን ደብቆ ይውጣል ማለት ነው። የሚደብቀውም እኛን ፈርቶ ነው።

በጾም ወራትማ የባሰ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ እስልምና ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው፤ ሐኪሙም የመድኀኒቱን ሰዓት ሊያስተካክል ይችላል። ነገር ግን የንስሐ አባቱን ወይም ሼኹን ለመጠየቅ አስቀድሞ «ታምሜአለሁ» ማለት ያስፈልጋል።

ከአስተዳደሩ የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው። የሐኪም ወረቀት ያለው ተማሪ ማታ አንድ ዳቦ ይዞ እንዲወጣ ይፈቀድለት፤ ጧት ክኒኑን በእርሱ ይውጥበታል። «ምግብ ከአዳራሽ አይወጣም» የሚለው ደንብ የወጣው ብክነትን ለመከላከል መሆኑን እናውቃለን፤ ይሁን እንጂ በክኒን የተበላ ዳቦ ባከነ የሚል ሰው ካለ ቀርቦ ይንገረን። ወረቀቱንም በር ላይ በሰው ፊት ከማሳየት ይልቅ ስሙ በክሊኒኩ በኩል ለአንድ ኃላፊ ብቻ ቢደርስ ይሻላል።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ እኛ በተራ ዳቦውን በደብተር ወረቀት ጠቅልለን እናወጣለን። የበሩ ዘበኛ አባባ ሁለት ጊዜ ያዙን። በሦስተኛው ለምን እንደሆነ ነገርናቸው፤ ከዚያ ወዲህ እኛ ስናልፍ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።