«ብር ለምደዋል» የሚለው ቅሬታችን

ደቡብ ኦሞ ደርሶ የተመለሰ ጓደኛ ካላችሁ ይህቺን ነገር ሳትሰሙ አልቀራችሁም፦ «አገሩ ይገርማል፤ ግን ሰዎቹ ብር ለምደዋል።» አሥር አሥራ ሁለት ሆነው፣ ጋይድ ይዘው፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ጂንካ ይደርሳሉ። በማግስቱ ማልደው ማጎ ፓርክን አቋርጠው ሙርሲ መንደር ይገባሉ። አንድ ሰዓት ቆይተው ይወጣሉ። ማስታወቂያው «ያልተበረዘ ባህል» ብሎ ነበርና፣ ከንፈሯ ላይ ሸክላ ያደረገች ሴት «ፎቶ፣ ፎቶ» ብላ ዋጋ ስትጠራ የተታለሉ ይመስላቸዋል።

እስቲ ቅሬታውን ሒሳብ እንሥራለት። ለአዘጋጁ ተከፍሏል። ለመኪናው፣ ለነዳጁ፣ ለሆቴሉ፣ ለጋይዱ፣ ለማታው ቢራ ተከፍሏል። ማንም ግን «ሹፌሩ ብር ለምዷል» አላለም። ጉዞው በሙሉ የተሸጠው በዚያች ሴት ፊት ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ የእሷ ቢጤ ነው። እሷ ድርሻዋን ስትጠይቅ ብቻ ነው ባህል ተበረዘ የሚባለው። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፦ በዚህ ጉዞ ውስጥ ሐቀኛው ነገር ያ ብር ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ተገናኙ፣ አንዱ የሌላውን ምስል ፈለገ፣ ሌላው ዋጋውን ተናገረ። በቃ። ውሸቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን እዩት። የሚሠራው በገበያ ቀን ነው፦ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ። ሰው ወደ ገበያ የሚመጣው ማርና ፍየል ሊሸጥ፣ የቡና ገለባ ሊገዛ፣ ዘመድ ሊጠይቅ ነው። ቡድኑ የሚመጣው ገበያተኛውን ሊያይ ነው። የሐመር የከብት ዝላይ ደግሞ «ዕድል ከቀናን» ተብሎ ፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ ይጻፋል። አንድ ወጣት ከልጅነት ወጥቶ ለማግባት የሚበቃበት፣ ቤተሰቡ ሲደግስለት የከረመ ቀን ለእኛ ጉርሻ ሆነ ማለት ነው። ሠርጋችሁ ላይ አሥራ ሁለት የማታውቋቸው ሰዎች ስልካቸውን ደግነው ገብተው ኬኩ ሳይቆረስ ቢወጡ ምን ትሉ ነበር?

በአምስት ቀን ውስጥ የሚያቋርጡትን ርቀት ደግሞ አስቡት። የኪሎ ሜትሩን አይደለም፣ የቋንቋውን ነው። ሙርሲኛ ከናይሎ ሳህራን ወገን ነው። ዳሰነችኛ ኩሻዊ ነው፤ ለኦሮምኛና ለሶማሊኛ ዘመድ ነው። ሐመርኛን አብዛኞቹ የቋንቋ ምሁራን ኦሞአዊ ይሉታል። አንድ ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ ለዚህ ሁሉ ልዩነት «የኦሞ ጎሳዎች» የሚል አንድ ስም ሰጠው፤ የተመለሰው ጓደኛችንም ከሃያ ፎቶ ሥር ያንኑ ጻፈ። ጋይዱን አልወቅሰውም። የሚመዘነው እንግዳው ደስ ብሎት በመመለሱ ነው፤ ስለዚህ ደስ የሚለውን ይተረጉማል። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ መረጃ ሁሉ በአንድ በር ብቻ የሚያልፍበት ሲስተም ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው በሩ ላይ ምን እንደሚቀር ነው። እዚህ በሩ ላይ የሚቀረው የሰዎቹ የራሳቸው ጥያቄ ነው።

ጥያቄ ደግሞ አላቸው። ሙርሲዎችን ለአሥርታት ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ከንፈር ሸክላና ስለ ፎቶ አንሺዎች ጽፎ ነበር። ከዚያ ጽሑፍ እንደምንረዳው ሙርሲዎች ካሜራ የያዘውን ሰው ቁጭ ብለው ይመረምሩታል፦ ይህን ሁሉ ፎቶ ምን ያደርግለታል? ለምን ይመጣል? ለምን ቶሎ ይሄዳል? ፎቶ አንሺው የበለጠ እንግዳ የሆነ ነገር እንደሚመርጥ ስለገባቸው፣ በአዘቦት ቀን የማያደርጉትን ጌጥ ሁሉ ራሳቸው ላይ ይደረድራሉ። ይህ መበረዝ አይደለም፤ ገበያውን ማወቅ ነው። እኛ ቲክቶክ ላይ ላይክ የሚያመጣውን አይተን ስንደግመው «ኮንቴንት ክሪኤተር» እንባላለን።

ትልቁ ውሸት ግን «ያልተነካ» የሚለው ቃል ነው። ኦሞ በየዓመቱ ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቅ ነበር። ውሃው ሲሸሽ በተወው እርጥብ ደለል ላይ ሙርሲው፣ ቦዲው፣ ካራው፣ ኛንጋቶሙና ዳሰነቹ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ዝናብ ሲከዳ የሚያተርፈው ያ እርሻ ነበር። 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ውሃው በግድቡ ሲመጠን የለመዱት ዓመታዊ ሙላት ቀረ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ የኦሞ ኩራዝ ስኳር ፕሮጀክት ተጀምሮ ሰፊ የሸንኮራ እርሻ ቦዲና ሙርሲ ይሰማሩበት በነበረ መሬት ላይ ተዘርግቷል። እንግዲህ «ያልተነካ» የተባለው ሕዝብ ወንዙም ግጦሹም ተነክቶበታል። ፕሮግራሙ ላይ ስለዚህ አንድ መስመር የለም። ቢኖር እኮ ፎቶው ይበላሻል።

ግድቡ መሠራት አልነበረበትም እያልኩ አይደለም፤ እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። የምለው፣ ይህን የምጽፍበት ላፕቶፕ፣ እናንተም የምታነቡበት ስልክ ቻርጅ በሚደረግበት ኃይል ውስጥ የኦሞ ውሃ አለበት። ከእነዚህ ሰዎች ጋር በሽቦ ተያይዘናል። ጉዞው የሚሸጥልን ግን ርቀት ነው፦ እነሱ ሌላ ዘመን ላይ ናቸው፣ እኛ ልናያቸው መጣን። ብር የጠየቀችው ሴት ያስቀየመችን ያን ርቀት ስላፈረሰችው ነው። እንደ እኛው ኑሮ የተወደደባት፣ ዋጋ የምታውቅ የዚህ ዘመን ሰው መሆኗን አሳየችን።

«ታዲያ አንሂድ? ከቱሪስት የሚያገኙትም ይቅርባቸው?» የሚል ይኖራል። ይህ የአዘጋጆቹ መልስ ነው፣ እውነትም አለበት። ለዚህ ነው ቅሩ የማልለው። «አገራችንን እንወቅ» የሚለውንም አልቃወምም። ግን ማወቅ ከሆነ ዓላማው፣ በአንድ ሰዓት ማንንም ማወቅ አይቻልም። ሌላው «ጎጂ ልማዶችስ? ዝም እንበል?» ይላል። ዝም አትበሉ፤ ስለ ግርፋቱ ከሐመር ሴቶች ጋር ተነጋገሩ፣ እርስ በርሳቸው የማይስማሙበትን ስሙ። ግን በስሎሞሽን ቪዲዮ ሥር «ያሳዝናል» ብሎ መጻፍ ውይይት አይደለም።

ገንዘቡን የምንከፍለው እኛ ስለሆንን መጠየቅ እንችላለን። ቀጣዩን ጉዞ ከመመዝገባችሁ በፊት አዘጋጁን እነዚህን ጠይቁት። አራት ሕዝብ በአምስት ቀን ከማሯሯጥ አንድ ቦታ ሦስት ቀን ለምን አንቆይም? አስጎብኚው የዚያው ማኅበረሰብ ልጅ ነው ወይስ ከእኛው መኪና የወረደ? ከከፈልኩት ውስጥ መንደሩ የሚደርሰው ስንት ነው፣ ማን ተስማማበት? ስለ ወንዙና ስለ ሸንኮራው የሚያወራልን ሰው አለ? በአንድ መቶ ፐርሰንት «ያልተበረዘ» ብሎ ከመለሰላችሁ ብራችሁን ያዙ።

መንደሩ ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ ፎቶ ካማራችሁ ዋጋ ጠይቁ፣ ሳትከራከሩ ክፈሉ። ስትመለሱም «ብር ለምደዋል» አትበሉ። የሴትየዋን ስም ጠይቃችሁ ከሆነ ስሟን ንገሩን።