«ለጊዜው» እና «እናስብበታለን»

 

ባለፈው ሰሞን ከቡና ላይ ክርክር ተነስቶ ነበር። አንድ ወጣት ከስልኩ የአንድ ፖለቲከኛ ንግግር ከፍቶ አሰማን። ንግግሩ ሞቅ ያለ ነው፤ ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ተቆጣ፣ ወንድማማቾች ሊኮራረፉ ደረሱ። ቡና የምትቀዳው እናት ግን ረጋ ብላ «ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ በቅርቡ ያለው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። መልስ የሰጣት የለም። የዛሬው ዓምዳችን የእሷ ጥያቄ ነው።

ከኛ መሀል ብዙዎች ወደዚህ ካምፕ ከመምጣታችን በፊት ኦምዱርማን ኖረናል። ሱቅ ሊቢያ ዕቃ ተሸክመናል፣ ሻይ አፍልተን ሸጠናል፣ ዓርብ ከሰዓት ሐመድ አል ኒል መቃብር አጠገብ የደርቪሾቹን ከበሮ ሰምተናል። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲጀመር ያቺን ከተማ ጥለን ወጣን። ያኔ ኑሮ ሲያሯሩጠን ልብ ብለን አላየናትም እንጂ፣ ኦምዱርማን ስለ ትልልቅ ሰዎች ቃል ብዙ የምታስተምር ከተማ ናት። (ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።)

ከከተማው ወደ ሰሜን ከረሪ የሚባል ሜዳ አለ። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 የጄኔራል ኪችነር ጦር በመትረየስና በመድፍ የኸሊፋ አብዱላሂን ሠራዊት እዚያ ላይ ፈጀው። በአንድ ቀን ጠዋት ከሱዳኖቹ ወገን ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሲሞት፣ ከእንግሊዝና ከግብፅ ወገን የሞተው 50 አይሞላም። የማህዲ መቃብር ጉልላትም በመድፍ ተመታ። በዚያ ጦር ውስጥ ዊንስተን ቸርችል የሚባል ወጣት መኮንን በፈረስ ተዋግቷል። ይህን ስም ያዙልን።

በ1899 እንግሊዝና ግብፅ ሱዳንን «በጋራ» ለመግዛት ተፈራረሙ። ሁለት ባንዲራ ተሰቀለ። ዋናው ገዥ ግን ዘመኑን ሙሉ እንግሊዛዊ ነበር። «በጋራ» የምትለዋ ቃል ወረቀቱ ላይ እንጂ መንበሩ ላይ አልነበረችም።

ዘመኑ ነጎደ። በ1940 ጣሊያን ጦርነት ውስጥ ሲገባ ጃንሆይ ከእንግሊዝ አገር ስደታቸው ተነስተው ካርቱም መጡ። ንጉሥም ስደተኛ ሆኖ ሱዳንን ረግጧል ማለት ነው። በዚያው ዓመት እንግሊዞች ለጦርነቱ ቅስቀሳ ብለው ኦምዱርማን ውስጥ ሬዲዮ ከፈቱ። «ሁና ኡምዱርማን» የሚለው ድምፅ ያኔ ጀመረ። ጃንሆይም ጃንዋሪ 20 ቀን 1941 ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ሜይ 5 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። የሱዳን ወታደሮችም በከረንና በኢትዮጵያ ምድር ከጣሊያን ጋር ተዋግተዋል፤ ይሄን ልጆቻችን ቢያውቁት ጥሩ ነው።

እንግዲህ ቃሉ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1941 የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኢደን በፓርላማ ቆመው፣ መንግሥታቸው ነፃ ኢትዮጵያን ዳግመኛ ቢያይ ደስ እንደሚለው፣ የግዛት ፍላጎትም እንደሌለው ተናገሩ። ጎን ለጎን ግን የጦር አስተዳደርና ቁጥጥር «ለጊዜው» ያስፈልጋል አሉ። ቀኑ አልተቆረጠም። እንግሊዞች ከአብዛኛው ኦጋዴን የወጡት በ1948 ነው። ሐውድና አካባቢው ደግሞ በ1954 ስምምነት ተደርጎ በ1955 ተመለሰ። ያቺ «ለጊዜው» አሥራ አራት ዓመት ፈጀች!

በዚያው 1941፣ በኦገስት ወር፣ ያ በከረሪ የተዋጋው ቸርችል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር የአትላንቲክ ቻርተርን አወጣ። ሕዝቦች ሁሉ የሚተዳደሩበትን መንግሥት የመምረጥ መብት አላቸው ይላል። «ሁሉ» የሚለውን ሰምቶ በአፍሪካም በእስያም ብዙ ሰው ደስ አለው። ወር ሳይሞላ ግን ቸርችል በፓርላማው ቀርቦ፣ እኛ ያሰብነው በዋናነት በናዚ ሥር የወደቁትን አገሮች ነው፣ የእኛ ቅኝ ግዛቶች ጉዳይ ሌላ ነው አለ። በኖቬምበር 1942 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆንኩት የብሪታንያ ግዛት ሲፈርስ ልመራ አይደለም ብሎ በግልጽ ተናገረ።

የኦምዱርማን የተማሩ ልጆች ግን ብልህ ነበሩ። የምሩቃን ማኅበራቸው በኤፕሪል 1942 ለመንግሥት ማስታወሻ ጽፎ፣ ከጦርነቱ በኋላ ሱዳን የራሷን ዕድል እንድትወስን ጠየቀ። አለቆቹ ተቆጡ፤ እናንተ የአገሩን ሕዝብ ሁሉ ወክላችሁ መናገር አትችሉም ብለው ማስታወሻውን መለሱባቸው። ምሩቃኑ ግን አልተዉትም። ገዥዎቹ ለጦርነቱ ብለው የተናገሩትን «ነፃነት» እንደ ደረሰኝ ይዘው ሒሳቡን ጠየቁ። የቅኝ ገዥዎች ዘመን ያበቃው በጥይት ብቻ አይደለም። የገዥውን ቃል ይዘው «ያልከውን ፈጽም» ያሉ ሰዎችም ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የኦምዱርማኑ ኢስማኢል አል አዝሃሪ ነበሩ። በ1953ቱ ምርጫ ፓርቲያቸው «የናይል ሸለቆ አንድነት» ብሎ፣ ማለትም ከግብፅ ጋር ኅብረት ብሎ አሸነፈ። ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን የሕዝቡን ልብ አዩና ወደ ሙሉ ነፃነት ዞሩ። መፈክሩ ተቀየረ፤ ሕዝቡም ደስ አለው። ቃሉን የቀየረ ሁሉ ከዳተኛ ነው አይባልም፤ ለማን ጥቅም ቀየረ ብሎ መጠየቅ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ሁለቱ ባንዲራዎች ወርደው የሱዳን ባንዲራ ተሰቀለ። አዝሃሪና የተቃዋሚው መሪ ማህጁብ አብረው ሰቀሉት።

ነገር ግን ከዚያ በፊት፣ ዲሴምበር 19 ቀን 1955 ፓርላማው ነፃነትን ሲያውጅ፣ የደቡብ ተወካዮች የፌዴሬሽን ጥያቄ ነበራቸው። «እናስብበታለን፣ ተገቢው ትኩረት ይሰጠዋል» ተባሉና ድምፃቸውን ሰጡ። ቀን አልተቆረጠም፣ የሚከታተል አልተሰየመም። ጥያቄው በኋላ ውድቅ ሆነ። ቀድሞ በኦገስት 1955 ቶሪት ላይ የተለኮሰው እሳት ተቀጣጠለ፤ በ1972 አዲስ አበባ ላይ በስምምነት በረደ፤ በ1983 እንደገና ነደደ። በ1980ዎቹ ጋምቤላ፣ ኢታንግ ካምፕ የሞላው የደቡብ ሱዳን ስደተኛ የዚያ እሳት ፍሬ ነው። ደቡብ ሱዳን ጁላይ 9 ቀን 2011 እስክትገነጠል ስንት ልጅ በስደት ተወለደ! «እናስብበታለን» የምትል አንዲት ቃል እንዴት ውድ እንደሆነች እዩልን።

እኛስ? እኛም እኮ ለቃል አዲስ አይደለንም። አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ከሌሊቱ ጀምረን ተሰልፈን፣ «በቅርቡ እንጠራችኋለን» ተብለን ተመለስን። ስንጠራ ሰልፉ ውስጥ በጀርባዋ የታዘለችው ሕፃን በእግሯ ትሮጥ ነበር። ቀን ስጡን ያለ ከመካከላችን አልነበረም። አፍረን ነው፣ ደግሞም ፈርተን።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች፣ ልጆቻችሁ ከስልክ ንግግር ሲያሰሟችሁ አትከልክሏቸው፤ አብራችሁ ስሙና ጠይቋቸው። «ሁሉ» ሲል እነማንን ቆጠረ? እኛን ቆጥሯል? ጎረቤታችንንስ? «ለጊዜው» ሲል እስከ መቼ? «እናስብበታለን» ሲል የሚከታተለው ማነው? መልስ የሌለው ንግግር ሲሆን፣ ለእሱ ብሎ ወንድም ከወንድሙ አይጣላ። መልስ ያለው ከሆነ ደግሞ ቀኑን በደብተር ጻፉት። ለኮሚቴም፣ ለድርጅትም፣ ለመንግሥትም ቢሆን ያው ነው። የተጻፈ ቃል አንድ ቀን ደረሰኝ ይሆናል።

ኦምዱርማንን በተመለከተ፣ የሬዲዮ ጣቢያው በዚህ ጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ሄዷል፤ ማርች 2024 ሠራዊቱ መልሶ ያዘው። ሻይ ያፈላንባቸው ጥግጥጎች፣ ጎረቤቶቻችን፣ ዛሬም በልባችን አሉ። ለዚያች ከተማና ለልጆቿ ሰላም እንመኛለን።

ቡናዋን የቀዳችልንን እናት እናመሰግናለን።