ግድግዳ ጆሮ ሲኖረው



«ግድግዳ ጆሮ አለው» የሚለው አነጋገር ቀድሞ ለምሳሌ ያህል የሚነገር ነበር። በዘመናችን ግን ምሳሌነቱ እየቀረ መጥቷል። ለዚህም ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። በከተማችን የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በቻይና መንግሥት ስጦታ ተሠርቶ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ በጥር 2010 ዓ.ም. እንደ ጻፈው፣ በኅብረቱ ኮምፒዩተሮች ያለው ጽሑፍ ለ5 ዓመት ያህል በየሌሊቱ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ወደ ሻንጋይ ሲጋዝ ኖሯል፤ ከጠረጴዛና ከግድግዳ ውስጥም ማይክሮፎን ተገኝቷል። ቻይና ወሬው ሐሰት ነው ብላ አስተባበለች፤ የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀ መንበርም አልተቀበሉትም። ጋዜጣው እንዳለው ነገሩ የተነቃው፣ ቢሮው ባዶ በሆነበት ሰዓት መሣሪያው ሥራ መብዛቱን ያስተዋሉ ባለሙያዎች ስለ ነበሩ ነው።

«እኛ የጀሞ ሰዎች ምን ምሥጢር አለን?» የሚል አይጠፋም። በኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ዕቃውን ከማን በስንት እንደሚገዛ፣ ለጨረታም ምን ዋጋ እንደሚያስገባ ምሥጢሩ ነው። ዋጋው ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ በስልክ ጮክ ተብሎ ከተነገረ፣ ወይም በፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ተረስቶ ከቀረ፣ ፖስታው መታሸጉ ምን ይጠቅማል? ተወዳዳሪው ጥቂት ብር ዝቅ ብሎ ያሸንፋል፤ የተሸነፈውም ሰው ሠራተኞቹን ሊያሰናብት ይችላል። የቀድሞ ነጋዴዎች ይህን ስለሚያውቁ፣ ሌላው የማይሰማው የራሳቸው የምሥጢር ቋንቋ ነበራቸው።

ስለዚህ የዋጋ ነገር በሚመከርበት ክፍል ስልክ አይግባ። ካሜራና ዋይፋይ ሲገጠም፣ ከፋብሪካ ጋር የመጣው የይለፍ ቃል በዚያው ቀን ይለወጥ። ምንጩ ያልታወቀ ፍላሽ በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ አይሰካ። ሥራ የለቀቀ ሰው መግቢያውም አብሮ ይዘጋ።

ሕግስ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ የሰውን መልእክት የሚጠልፈውን ይቀጣል። ነገር ግን ዳኛ የሚደርሰው ምሥጢሩ ከወጣ በኋላ ነው። አስቀድሞ የሚደርሰው መዝገቡን የያዘው ጸሐፊ፣ ኮምፒዩተሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ወጣት ሠራተኛ ነው። ይኸውም ዛሬ ወይም ነገ እናንተው ናችሁ።