ከመካነ ሰላም ወደ ውጭ የሚሄዱ የአእምሮ ጤና ነርሶች

ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር

የአእምሮ ጤና ነርስነት በኢትዮጵያ ራሱን የቻለ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ ጎንደር፣ ጅማና ወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚያስተምሩት መካከል ናቸው። ሙያው በአገሪቱ ገና ወጣት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል፤ የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠናም በ1970ዎቹ ማብቂያ በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ እዚያው ተጀመረ። የሳይካትሪ ስፔሻሊስት ሐኪሞች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሠልጠን የጀመሩት በ1995 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአዲስ አበባ ውጭ የአእምሮ ሕሙማንን ሲያክም የኖረው በአብዛኛው ነርሱ ነው። በመሆኑም አንድ የሳይካትሪ ነርስ አገር ጥሎ ሲወጣ በብዙ ወረዳዎች አገልግሎቱ አብሮ ይዘጋል።

አዲስ ተመራቂ ውጭ አገር ለመሥራት ሲነሣ በመጀመሪያ የሚፈተነው የዲግሪው ዓይነት ነው። አሜሪካ ነርስን በዘርፍ ለይታ አትመዘግብም። አመልካቹ በውስጥ ደዌና በቀዶ ሕክምና፣ በእናቶች፣ በሕፃናትና በአእምሮ ጤና፣ በእያንዳንዱ ትምህርትና የተግባር ልምምድ ማጠናቀቁን ትጠይቃለች። ስለዚህ በሳይካትሪ ብቻ የተመረቀ ሰው ኤንክሌክስ ለሚባለው የነርስነት ፈቃድ ፈተና ሳይበቃ ሊቀር ይችላል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች በአብዛኛው ማስረጃን ዳታፍሎው በተባለ ድርጅት ያጣራሉ፣ ፕሮሜትሪክ በተባለው ይፈትናሉ፤ ቀጣሪዎቹም አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ልምድ ይሻሉ። ብሪታንያና አየርላንድ ግን የአእምሮ ጤና ነርስን በዘርፉ ይመዘግባሉ። ለዚህ ዲግሪ በቀጥታ የተከፈተው በር ይኸው ነው።

በብሪታንያ ለመመዝገብ የእንግሊዝኛ ችሎታን በአይኤልትስ ወይም በኦኢቲ ፈተና ማስመስከር ግድ ነው። በአይኤልትስ የሚፈለገው ውጤት 7 ሲሆን በጽሑፍ ክፍሉ 6.5 ይበቃል። ቀጥሎ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ፈተና አለ፤ ከዚያም እዚያው ብሪታንያ ሄዶ የሚወሰድ ኦስኪ የተባለ የተግባር ፈተና ይከተላል። ኦስኪ 10 ጣቢያዎች አሉት። በአንዱ ጣቢያ የሕመምተኛን ሚና የሚጫወት ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ተፈታኙ ራሱን ያስተዋውቃል፣ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ መኖር አለመኖሩን ሳይሸሽ በግልጽ ይጠይቃል፣ የሰማውንም በቅጹ ላይ ይጽፋል። የዚህ ፈተና ክፍያ ብቻውን 794 ፓውንድ ነው። የቋንቋው ፈተና፣ የምዝገባው፣ የቪዛውና የአውሮፕላኑ ወጪ ሲደመርበት በወረዳ ሆስፒታል ደመወዝ የሚደፈር አይደለም። አንዳንድ ቀጣሪዎች ወጪውን ይሸፍናሉ። ቀጣሪ ያላገኘ ተመራቂ ግን የቤተሰብ በሬ ያሸጣል ወይም ደላላ እጅ ይወድቃል።

ከገንዘቡ የሚከብደው ቋንቋው ነው። የሌላ ክፍል ነርስ ቁስል ሲያጥብ፣ ግሉኮስ ሲሰቅል እጁ ይመሰክርለታል። የአእምሮ ጤና ነርስ ዋና መሣሪያው ንግግር ነው፤ ዝምታን ማንበብ፣ ቁጣ ከመገንፈሉ በፊት ማብረድ፣ የተሸሸገ ሐሳብን ማውጣት አለበት። ይህን ችሎታ በባዕድ ቋንቋ መልሶ መገንባት ዓመታት ይፈጃል፤ ከአንጋፋ ባለሙያ ጎን ሳይሠራ በቀጥታ ለተጓዘ አዲስ ተመራቂ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። ሕጉም ሌላ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ሰውን ያለፈቃዱ አስተኝቶ ማከም የሚቻለው በዋናነት እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የአእምሮ ጤና ሕግ በዘረጋው ሥርዓት ሲሆን፣ ነርሱ የሕመምተኛውን መብት በዝርዝር ማወቅ ይጠበቅበታል።

ከመካነ ሰላም የሚነሣው ነርስ ጥሎት የሚሄደው አገር የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ነው፤ ቦረና፣ ለጋምቦ፣ ሳይንት፣ ከለላ፣ ወግዲ። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ከደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በእነዚህ ወረዳዎች ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የአእምሮ ሕመምን አስቀድሞ ከእምነቱ ጋር ያያይዘዋል። ሕመምተኛው ጠበል ይወሰዳል፣ ዱዓ ይደረግለታል፤ ያም ካልሆነ፣ አንዳንዴም እጁን በገመድ ታስሮ፣ ወደ ሆስፒታል ይመጣል። በጎ ነርስ እምነቱን አያጣጥልም፤ ጠበሉንና ክኒኑን አብረው እንዲያስኬዱ ቤተሰቡን ያግባባል። በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል የሚጥል በሽታ ያለባቸውም ይታያሉ፤ ምድጃ ላይ ወድቃ እጇ የተቃጠለ ሴት በየወሩ የምትወስደውን ፌኖባርቢታል የሚሰጣት ይኸው ነርስ ነው። ክኒኑ ባንድ ጊዜ ከተቋረጠባት ሕመሙ ብሶ ሊመለስና ሕይወቷን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። በየቀኑ መድኃኒት መዋጥ ለማይሆንለት ደግሞ ለሳምንታት የሚቆይ መርፌ አለ። መርፌውን የሚወጋው፣ ከቀጠሮ የቀረውን ሰው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል የሚያፈላልገው፣ ጎረቤቱን ጠርቶ «ሰውዬውን ፍቱት፤ አትሰሩት» የሚለው ነርሱ ነው።

ወሎ ለብዙ ዓመታት ሴት ልጆቿን ለዓረብ አገር የቤት ሥራ ስትልክ ኖራለች። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር፣ ከተመለሱት መካከል የተደበደቡ፣ ደመወዝ የተከለከሉ፣ አእምሯቸው የታወከ ነበሩ። ከዚያ ወዲህም መመለሱ አልቆመም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተቀሰቀሰው የአማራ ክልል ግጭት ደግሞ መንገድ እየዘጋ ሪፈር የተባለ ሕመምተኛን ባለበት ያስቀራል። እንግዲህ ከስደት ተጎድታ የተመለሰችውን ልጅ እንዲያክም የሠለጠነው ባለሙያ እሷ በመጣችበት ሰዓት ራሱ ተሳፍሮ ሊሄድ ይችላል። የዚህ ደብዳቤ ዋና ጭንቀት ይህ ነው።

ነርሱ የሚሄደው አገሩን ስለጠላ አይደለም። ደመወዙ የቤት ኪራይና ቀለብ አይሸፍንለትም፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በአደባባይ ያነሡት ጥያቄም ይኸው ነበር። በትንሽ ሆስፒታል ደግሞ ለብቻው ይሠራል፤ የሚያማክረው የለም፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ የሚወቀሰው እሱ ነው። ሌላ አገር ሄዶ መሥራት ሕጋዊ መብቱ ነው። ዲግሪውን መያዝ፣ ማስረጃውን ማጓተት፣ መውጫውን ማጥበብ መብቱን ከመጋፋትም አልፎ ለደላላ አሳልፎ ይሰጠዋል።

ዓለም አቀፉ ሥርዓት ለመንግሥት ጉልበት ይሰጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች በግንቦት 2002 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ቅጥርን የሚመለከት የሥነ ምግባር ደንብ አጽድቀዋል። ድርጅቱ በ2015 ዓ.ም. ባወጣው፣ የባለሙያ እጥረታቸው በጠናባቸው 55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለች። ብሪታንያም ይህን ተከትላ ቀጣሪዎቿ ከእነዚህ አገሮች በዘመቻ እንዳይመለምሉ ከልክላለች፤ ግለሰብ በራሱ ማመልከት ግን ይችላል፣ በመንግሥታት መካከል ስምምነት ካለም ቅጥሩ ይፈቀዳል። ኬንያ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ከብሪታንያ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት ፈርማለች። ኢትዮጵያ ግን ስምምነት ሳይኖራት ተመራቂው አንድ በአንድ ቢሄድ፣ አገሪቱ ያሠለጠነችበትን ወጪ የሚመልስላት የለም። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በድሃ አገሮች ለ100,000 ሕዝብ ያሉት የአእምሮ ጤና ሠራተኞች ከ2 በታች ሲሆኑ፣ በሀብታሞቹ ከ60 በላይ ናቸው። ሚዛኑ እንዲህ ባዘነበለበት ነርሱን በነጻ መስጠት ፍትሐዊ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴር ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጋር ተቀምጦ ከተቀባይ አገሮች ጋር እንዲደራደር ይጠየቃል። ለድርድሩ የሚቀርበው ነጥብ ግልጽ ነው፤ አንድ የአእምሮ ጤና ነርስ ሲቀጠር ቀጣሪው አገር ሌላ ነርስ የሚሠለጥንበትን ወጪ ይክፈል፣ ገንዘቡም አዲስ አበባ ላይ ሳይቆም ለሚሄደው ባለሙያ ምትክ ወደሚያስፈልገው ወረዳ ይድረስ። የሙያ ፈቃድና የመልካም ሥነ ምግባር ማረጋገጫ ከደሴ ወይም ከባሕር ዳር የሚገኝበት አሠራር ይዘርጋ፤ የመካነ ሰላም ነርስ ለአንድ ማኅተም አዲስ አበባ አይመላለስ። አዲስ ተመራቂ ቢያንስ ሁለት ዓመት ከአንጋፋ ባለሙያ ጋር የሚሠራበት ደመወዝ የሚከፈልበት መደብ በደሴና በቦሩ ሜዳ ሆስፒታሎች ይከፈት። ወደ ምዕራብ ወረዳዎች በየወሩ የሚወጣ የሱፐርቪዥን ቡድን ይመደብ። ሠርቶ ለሚመለስም የውጭ አገር ልምዱ በደረጃ ዕድገት ይቆጠርለት።

ከሁሉም የሚቀድም፣ ምንም ድርድር የማያስፈልገው አንድ ሥራ አለ፤ ነርሱ ቢሄድም ባይሄድም ፌኖባርቢታሉና ለሳምንታት የሚቆየው መርፌ ከመካነ ሰላም፣ ከአቀስታና ከአጅባር እንዳይጠፋ ሚኒስቴሩ ከዛሬ ጀምሮ ኃላፊነቱን ይውሰድ።