ሁለተኛ ወንበር ለተመላላሽ ክፍል

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን 38 ዓመት ከአልጋው ተጣብቆ የኖረውን መጻጉዕ በምታስብበት ሰንበት፣ ስለ ፈውሱ ድንቅነት ሲሰበክ እየሰማሁ ዘወትር ወደ ልቡናዬ የሚመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዙሪያ፣ በአምስቱ እርከን ላይ ተኮልኩለው የነበሩት ድውያን ብዛትና፣ ጌታ እስከ መጣባት ሰዓት ድረስ ከዚያ ሁሉ መካከል ማን ይብስበታል፣ ማንስ ብዙ ዘመን ቈይቷል ብሎ የሚመለከት ዓይን መታጣቱ ነው። ይህን ባሰብሁ ቍጥር፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራቸውን የሚጠባበቁት ሕሙማንና፣ ከበሩ ወዲያ ብቻዋን የተቀመጠችው ጀማሪ ነርስ ይታዩኛል።

ይህች ነርስ አራት ዓመት ተምራ፣ የመውጫ ፈተናውንና የሙያ ብቃት ምዘናውን አልፋ፣ የመጀመሪያ ደመወዟን ገና ሳትቀበል ወደ ተመላላሽ ክፍል ስትመደብ፣ የመዳቢዎቹ አሳብ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ተኝቶ ሕክምናው ይከብዳታል፣ ድንገተኛው ያስደነግጣታል፣ በተመላላሽ ትልመድ ይላሉ። እኔ ግን ይህ አሳብ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው እላለሁ። በአልጋ ላይ የተኛ ሕሙም ሌሊቱን ሙሉ ከሰው ዓይን በታች ነውና፣ የማታዋ ነርስ የሳተችውን የጧቷ ታቃናዋለች፤ ተመላላሹ ግን ስሙ እንደሚያመለክተው ሄዶ ሊመለስ የመጣ ነው፣ ስሕተትም ተፈጽሞ እንደ ሆነ ስሕተቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በቤቱም የሚያቃናለት የለም።

ይህን የምለው በሌላው ሥራ ለመፍረድ ሳይሆን በራሴ ከደረሰው ተነሥቼ ነው። ነርስ ሆኜ በተቀጠርሁ በሦስተኛው ወር፣ ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት በተለየው ክፍል ብቻዬን በነበርሁበት አንድ የክረምት ጧት፣ አንዲት እናት የ9 ወር ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ገባች፤ ልጁ ያስለው ነበር። ሥርዓቱ የሚያዘው፣ ሕፃኑ በእናቱ እቅፍ ጸጥ ብሎ ሳለ፣ ልብሱ ከደረቱ ተገልጦ፣ እስትንፋሱ አንድ ሙሉ ደቂቃ እንዲቈጠር ነው፤ የሕፃን እስትንፋስ አንድ ጊዜ እየፈጠነ፣ አንድ ጊዜ እየዘገየ የሚሄድ ነውና፣ ከደቂቃው ቈርሶ መቍጠር ያሳስታል። ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 12 ወር የሆነው በደቂቃ 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ዓመት የሞላው ደግሞ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ለሚያስለው ልጅ ያ ፍጥነት የሳንባ ምች ምልክት ነው።

አንዲት ደቂቃ በመጽሐፍ ላይ ስትነበብ ኢምንት ናት፤ በሩ እየተንኳኳ፣ በደጅ ሌላው ሕፃን እያለቀሰ፣ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ አዲስ ክምር አምጥታ ከጠረጴዛው ጫፍ ስታኖር ግን እጅግ ትረዝማለች። ስለዚህ 15 ሴኮንድ ቈጠርሁ፤ 11 አገኘሁ፤ በ4 አብዝቼ 44 ብዬ ጻፍሁ፤ ጉንፋን ነው፣ ጡት አዘውትሪለት ብዬም ሰደድኋት።

በማግሥቱ ተመልሳ መጣች። በዚያ ቀን በአጋጣሚ ከሌላ ክፍል ለእርዳታ ተልካ አጠገቤ የቆመች፣ 20 ዓመት ያገለገለች ነርስ ነበረች፤ እርሷም ምንም ሳትናገር በሩን ዘጋች፣ የልጁን ልብስ ገለጠች፣ ዓይኗን ከደረቱ ሳታነሣ ደቂቃውን ፈጸመች። 58 ነበረ፤ አየር በሳበ ቍጥርም የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጕድ ነበር። ሪፈር ተጽፎለት በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ። ያቺ ነርስ አንዲት የተግሣጽ ቃል አልወጣትም፤ የእጅ ሰዓቷን ፈትታ ሰጠችኝና፣ «አሁን የሚቀጥለውን አንቺ ቍጠሪ፣ እኔ በሩን እይዛለሁ» አለችኝ። አራት ዓመት የተማርሁት በእጄ የገባው በዚያች ደቂቃ ነው።

ነገሩ በሕፃናቱ ክፍል ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የደም ግፊት የሚለካው ሰው፣ ዳገት ወጥቶ እንደ ገባ ሳይሆን ቢያንስ 5 ደቂቃ በጸጥታ ተቀምጦ፣ ክንዱ በልቡ ትይዩ ተደግፎ ሊለካ ይገባዋል፤ አለዚያ 140 በ90 የሚለው ወሰን ትርጕም ያጣል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያስላቸውን ሰው ስለ ሳንባ ነቀርሳ አክታቸውን ሳያስመረምሩ መስደድም እንደዚሁ ስሕተት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ንግግሩ ነው። አንድ አረጋዊ የግፊት ክኒናቸውን ካቆሙ ወር አልፏቸው፣ «ልጄ፣ አሁንማ ድኛለሁ፣ ራሴንም አያመኝ» ሲሉ፣ ጀማሪዋ አባባን ሳታሳፍር፣ ግፊት ሳያሳምም የሚጐዳ ደዌ መሆኑን በምን ቃል ታስረዳቸው? ጸበል ጀምሬአለሁና መድኃኒቱን ተውሁ ለምትል እናትስ ምን ትመልስላት? ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመነ ፕትርክናቸው ጸበሉና የኤች አይ ቪው መድኃኒት እንደማይቃረኑ በግልጥ ማስተማራቸውን ጠቅሳ፣ በትሕትና መናገር ይቻላታል፤ ነገር ግን ይህን የመሰለው ጥበብ ሌላው ሲናገረው በመስማት እንጂ በፈተና ወረቀት አይገኝም።

ሕዝባችን ነርስን ሲስተር ብሎ የሚጠራው በአክብሮት ነው፤ ሙያውም በአገራችን ከፍ ያለ ጅማሬ ነበረው። ልዕልት ፀሐይ፣ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሳለች፣ በስደቱ ዘመን በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን የተማረችው ከሌሎች ተማሪዎች ጋራ እየሠራች ነው፤ በ1934 ዓ.ም. በነቀምቴ በወጣትነቷ ዐረፈች እንጂ።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጀማሪ ነርስ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት በተመላላሽ ክፍል ብቻዋን አትቀመጥ፣ ከጎኗም ነባር ነርስ የምትቀመጥበት ሁለተኛ ወንበር ይኑር። የሰው ኀይል የለም የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ እስከ 25,000፣ የከተማው ደግሞ 40,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታቀደ ነውና ጫናውን አልክድም። ነገር ግን ተመርቀው ሥራ የሚጠባበቁ ነርሶች ባሉበት አገር ይህ መልስ ሙሉ አይመስለኝም፤ ይልቁንም የወሩ ሪፖርት የሚቈጥረው የታየውን ሕሙም ብዛት ብቻ ስለ ሆነ፣ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል መቀመጡ እንደ ብክነት ይታያል። እኔ በዚያ ክረምት በሠራሁበት ክፍል ከመስኮቱ ሥር አንድ ትርፍ ወንበር ነበረ፤ የአሮጌ ካርድ ክምር ይቀመጥበት ነበር።